ባዶ መሬት

አማርኛችን አንዳንድ ጊዜ ከተናጋሪው ቀድሞ ይዋሻል። «ቆሻሻ ማስወገድ» እንላለን። በመሥሪያ ቤት ወረቀት ላይ ደግሞ «አወጋገድ» ይሆንና ዳይሬክቶሬት ይቋቋምለታል፣ ማኅተም ይቀረጽለታል። ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን ተማሪዎቼን የማሰለችበት አንድ አመል ነበረኝ፤ ግስ ስታገኙ ማን? ምንን? የት? ብላችሁ ጠይቁ እላቸው ነበር። «አስወገደ» የሚለውን ግስ እስቲ እንደዚያው ጠይቁት። ማን ሲባል መልስ አለው፤ ምንን ሲባልም አለው። የት ሲባል ግን ይንተባተባል። ቆሻሻ ከእኔ ዘንድ ተወገደ ማለት ከምድር ላይ ጠፋ ማለት አይደለምና። ሌላ ሰው ደጅ ደረሰ ማለት ነው።

ነገሩ የሽንኩርት ልጣጭ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላደረቅኋችሁ። ልጣጭ ይበሰብሳል፣ አፈር ይሆናል፣ ጎመን ያበቅላል። እኔ የማነሳው በሕግ ቋንቋ «አደገኛ ቆሻሻ» የሚባለውንና የሥጋ ዘመዶቹን ነው፤ የሆስፒታል መርፌ፣ የአሮጌ ባትሪ አሲድና እርሳስ፣ ጊዜው ያለፈበት የተባይ መድኃኒት፣ የወርቅ ማዕድን ዝቃጭ። እንዲህ ያለው ነገር «የት?» የሚለውን ጥያቄ በዋዛ አያልፍም። በአንድ ወቅት በየመጋዘኑ ተከማችቶ የሚንጠባጠብ የተባይ መድኃኒት አገሪቱን አስጨንቋት ነበር። ከአንድ ሺህ ቶን በላይ የሚሆነው ተለቅሞ፣ በአዲስ በርሜል ታሽጎ፣ ባሕር ተሻግሮ ፊንላንድ ድረስ ሄዶ ተቃጠለ። መርዝን ከምር ማስወገድ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ያየነው ያን ጊዜ ነው። ለሌላው ሁሉ ግን መርከብ የለንም። ያለን መሬት ነው። የማን መሬት?

ከምናውቀው እንጀምር፤ ከቆሼ።

ረጲ ላይ ቆሻሻ መጣል የተጀመረው ከሃምሳ ዓመት በፊት ነው። ያኔ ቦታው ከከተማ ውጭ፣ «ማንም የሌለበት» ነበር። ከዚያ ከተማው አደገና ከበበው። በትክክል ለመናገር፣ ከተማው ሌላ ቦታ የነፈጋቸው ሰዎች ተጠጉት። ብረት፣ ፕላስቲክ፣ የሚበላም ጭምር እየለቀሙ ልጆች አሳደጉበት። ክምሩ ተራራ ሲያህል ጊዜ፣ በፈረንሳይ የልማት ተቋም ገንዘብ ጭምር፣ ሰንዳፋ ላይ ዘመናዊ የተባለ መቅበሪያ ተሠራ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የዚያው ዓመት ክረምት ሳያልቅ ተዘጋ። የአካባቢው ገበሬዎች «ሽታው ፈጀን፣ ውሃችን ተበላሸ፣ ከብታችን አለቀ» ብለው ተነሡ፤ አገሩም በተቃውሞ የሚናጥበት ጊዜ ነበር። የጭነት መኪኖቹ ፊታቸውን አዙረው ወደ ቆሼ ተመለሱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ማታ፣ ተራራው ተናደ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ ሴቶችና ሕጻናት ነበሩ።

እስቲ ፍረዱ፤ የሰንዳፋ ገበሬ ጥፋቱ ምንድን ነው? «ከራስ በላይ ነፋስ» ብሎ የራሱን ጓሮ አዳነና የቆሼን ድሃ አስገደለ እንበል? ይህን የሚል ሰው ገጥሞኛል፤ ያውም የተማረ። እኔ ግን ገበሬው ከእኔ በተሻለ የምግባር መሬት ላይ የቆመ ይመስለኛል። ቆሻሻው የእሱ አይደለም። የእኔ ነው፣ የቦሌ ነው፣ የፒያሳ ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ እንደሚባለው፣ ባልበላው ነገር ሽታ ተመደበበት። ሆኖም እምቢታው አየር ላይ አልቀረም፤ ወርዶ ከእሱ የባሰ ድሃ ላይ አረፈ። ይህም እውነት ነው። ሁለቱን እውነቶች አንድ ላይ መሸከም ነው የሚያስቸግረው። እኔ ጥፋቱን የማየው ከሁለቱም በፊት ነው፤ ገበሬው ድምፁን በደንብ ማሰማት የቻለው ጉድጓዱ ከተቆፈረ፣ ሪባኑ ከተቆረጠ፣ መኪናው በደጁ ካለፈ በኋላ ነው። በወረቀት ጊዜ የተሰማ እምቢታ ወረቀት ያስቀይራል። ከሪባን በኋላ የመጣ እምቢታ ምን እንዳስከፈለ አየን።

ይህን ያነሳሁት የሞቱትን ዳግም ለመቅበር አይደለም። ሌላ ሰንዳፋ በሌላ አቅጣጫ እየመጣ ስለሆነ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛችሁ አሶሳ ትደርሳላችሁ፤ የማንጎ ዛፍና ቀርከሃ ያለባት፣ አማርኛውም አረብኛውም በርታኛውም በአንድ ገበያ የሚሰማባት ከተማ። ከእሷ አልፎ መንጌ፣ ሸርቆሌ፣ ኩርሙክ አለ፤ ከዚያ ሱዳን። የወርቅ አገር ነው። የግብፁ መሐመድ አሊ ፓሻ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጦሩን ወደ ሱዳን ሲያዘምት ከሳቡት ነገሮች አንዱ የዚህ አካባቢ ወርቅ ነው። የምኒልክም ጦር በራስ መኮንን መሪነት እ.ኤ.አ. በ1898 እዚያ ሲደርስ፣ የሼኽ ሆጀሌ ግብር በወርቅ ሲመዘን፣ አካባቢው ባዶ ነው ያለ ሰው አልነበረም። ለወርቁ ሲሆን ቤኒሻንጉልን ሁሉም በስሟ ያውቃታል።

«ባዶ» የምትባለው ሌላ ነገር ሲፈለግባት ነው። በ1977 እና በ78 ዓ.ም. በድርቅ ከተጎዱት ከወሎና ከትግራይ፣ ከሸዋም፣ ወደ 600,000 ሰዎች ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲጫኑ፣ መተከልና አሶሳ ከዋናዎቹ ማራገፊያዎች መካከል ነበሩ። ምክንያቱ አንድ ቃል ነበር፤ ባዶ መሬት፣ ድንግል መሬት። መሬቱ ግን ድንግል አልነበረም። ጉሙዙም በርታውም አንዱን ቦታ ለጥቂት ዓመት አርሶ ያሳርፈዋል፤ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ በዓመቱ በመንፈቁ ይመለሳል። ደገኛው ራሱ ለዚህ የሚያምር ቃል አለው፤ «ጦም ያደረ መሬት» ይላል። ጦመኛን አይቶ ሞቷል የሚል ሰው የለም። የራሳችን ማሳ ሲሆን ጦም አደረ፤ የጉሙዝ ሲሆን ባዶ! ተጭነው የመጡት ሰፋሪዎችም ቢሆኑ በዚህ ቃል አልተጠቀሙም። ብዙዎቹ በወባ ረገፉ፤ የተረፉት በቁጥር በተሰየመ አምባ ውስጥ ልጅ ወልደው፣ ዛሬ እነሱም ከነባሩ ጋር የመሬቱ ሰዎች ሆነዋል። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. በመተከል በተነሣው ግጭት ደግሞ ከነባሩም ከሰፋሪውም ብዙ ሕዝብ ቀዬውን ለቆ ተሰደደ። ያን ጊዜ ያንን መንደር ከላይ ሆኖ ያየ ሰው እውነትም ባዶ ነው ይል ነበር።

ከላይ ሆኖ ማየት ካልኩ አይቀር። በቅርቡ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ቡና ጋበዘኝ። ከእኔ ዘንድ አንድ ኮርስ ወስዶ ያመለጠ ልጅ ነው፤ መሐንዲስ ሆኗል። ለመርዛማ ፍሳሽ ማጠራቀሚያ ቦታ ከሚመርጡ ቡድኖች በአንዱ ሠርቷል። የትኛው ፕሮጀክት እንደሆነ አላነሳም፤ ምዕራብ ነው ማለት ይበቃል።

«ጋሼ፣ እኛ እኮ የመረጥነው ሰው የሌለበት ቦታ ነው» አለኝ።

«ሰው እንደሌለበት በምን አወቃችሁ?»

«በሳተላይት ምስል። ጣሪያ የለም።»

«የምን ጣሪያ?»

ፈገግ አለ፤ ገብቶታል። ቆርቆሮ በሳተላይት ምስል ላይ ያበራል። ከዛፍ ሥር ያለች የቀርከሃና የሣር ጎጆ ግን ከቀርከሃውና ከሣሩ ጋር ተመሳስላ ትቀራለች። «መቼም መስክ ሳትወርዱ አልቀራችሁም» አልኩት። ወርደዋል። በበጋ ነበር፤ በክረምት መንገዱ አያስገባም። በበጋ ደግሞ ጅረቱ ደረቅ አሸዋ ነው። ክረምት ሲገባ ገበቴያቸውን ይዘው ወርቅ ሊያጥቡ የሚወርዱ ሴቶች በበጋ እዚያ ምን ያደርጋሉ? ልጁ ቅን ነው፤ ሥራውንም ያውቃል። የሸክላውን ውፍረት፣ የከርሰ ምድር ውሃውን ጥልቀት፣ የዐለቱን ስንጥቅ፣ የነፋሱን አቅጣጫ ሁሉ መዝግቧል። በቅጹ ላይ «ሰው» የሚለው ሳጥን ውስጥ የገባው ግን ጣሪያ ነው።

አሁን ወደ ወርቁ። ኩርሙክ ላይ አላይድ ጎልድ የተባለ ኩባንያ ግዙፍ የወርቅ ማዕድን ግንባታ ጀምሯል፤ ወጪውም በግማሽ ቢሊዮን ዶላር ገደማ የተተመነ ነው። እኔ ወርቁ አይውጣ ከሚሉት ወገን አይደለሁም። አገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ያስፈልጋታል፤ የአሶሳ ልጅም ሥራ። ግን ዘመናዊ ወርቅ እንዴት እንደሚወጣ እንወቅ። እንደ ኩርሙክ ባለ ቦታ ከአንድ ቶን ዐለት የሚገኘው ወርቅ ሁለት ግራም አይሞላም። ዐለቱ እንደ ዱቄት ይፈጫል፤ በሳያናይድ ውሃ ይታሻል፤ ወርቁ ይወሰዳል፤ የቀረው ዝቃጭ ግድብ ተሠርቶለት ይጠራቀማል። አምስት ግራም የምትመዝን የጋብቻ ቀለበት ሁለት ቶን ተኩል ያህል ዝቃጭ፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ፣ የሆነ ቦታ ትታ ነው ጣታችን ላይ የገባችው። ቀለበቱ እኛ ጋ ነው፤ ዝቃጩ እዚያ። በአንድ ትልቅ ማዕድን ዕድሜ ደግሞ ነገሩ በአሥር ሚሊዮኖች ቶን ይቆጠራል። በባህላዊ መንገድ ወርቅ የሚፈልጉት ዘንድ ያለው ጣጣ የተለየ ነው። በየቦታው እየተስፋፋ ያለው ሜርኩሪ ነው። ግድብ የለው፣ አጥር የለው፤ ወርቁን ይዞ በምጣድ ላይ ይተንና ቀሪው ከጭቃው ጋር ወንዝ ይገባል፤ ከወንዝ ዓሣ፣ ከዓሣ ሰው። ጃፓኖች ሚናማታ ላይ ያዩትን ጉድ መድገም አያስፈልግም። የክልሉ ወንዞች አብዛኞቹ መድረሻቸው ዓባይ ነው፤ ከኩርሙክ በኩል የሚወርዱት ደግሞ ድንበር ይሻገራሉ። ዛምቢያ ውስጥ የካቲት 2017 ዓ.ም. አንድ የመዳብ ዝቃጭ ግድብ ተደርምሶ አሲዱ ካፉዌ ወንዝ ውስጥ ሲገባ፣ ዓሣው ተገልብጦ ተንሳፈፈ፤ ኪትዌ የምታህል ከተማ የቧንቧ ውሃዋ ተቋረጠ። ግድቡ የተሠራበት ቦታ በካርታ ላይ ከኪትዌ ይርቃል።

ስለዚህ መርዙ አለ፤ ይመጣልም። መቀመጫ ያስፈልገዋል። የት እንደሚቀመጥ እንዴት ይወሰን?

ባለሙያዎቹ የሚሰጡት መልስ መጀመሪያ ሲሰሙት ልብ ያሳርፋል፤ ጥቂት ሰው ያለበት ቦታ ይመረጥ። አምሳ ቤተሰብ ከሚጎዳ አምስት ይጎዳ። ይህን ሒሳብ ንቄ አላልፈውም። እኔም ወሳኝ ብሆን፣ ሁለት ቦታ ቀርቦልኝ አንዱ ዘንድ አምስት፣ አንዱ ዘንድ አምሳ ቤት ቢኖር፣ እጄ ወደ አምስቱ መሄዱ አይቀርም። ችግሩ ያለው ሒሳቡ ሁልጊዜ የሚሠራው በተናጠል መሆኑ ላይ ነው። ዛሬ ለዝቃጩ አምስቱ ቤቶች ተመረጡ። ነገ ለሆስፒታሉ ቆሻሻ እንደገና ጥቂት ሰው ያለበት ሲፈለግ፣ አሁንም እነዚያው አምስቱ ናቸው። ከነገ ወዲያ ለባትሪው፣ ለተባይ መድኃኒቱ፣ ለሁሉም። ተራርቆ የሚኖር ሕዝብ፣ እንደ ኮሞ፣ እንደ ማኦ፣ እንደ ጉሙዝ ያለ፣ በዚህ ሒሳብ አንድ ቀን እንኳ አያሸንፍም። እያንዳንዱ ውሳኔ ለብቻው ሲታይ ትክክል ነው፤ ተደምረው ሲታዩ ግን አንድን ሕዝብ የሌላው ማጠራቀሚያ አድርገዋል። አሜሪካኖቹ ይህን ያወቁት ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ዋረን በምትባል አውራጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 በኬሚካል የተበከለ አፈር የሚቀበርበት ቦታ ሲፈለግ፣ አብላጫው ነዋሪ ጥቁርና ድሃ የሆነባት አውራጃ ተመረጠች። ሕዝቡ መኪናው ፊት ተኛ፤ ከ500 በላይ ሰው ታሰረ፤ አፈሩ ግን እዚያው ተቀበረ። በኋላ በአገሩ ሁሉ ያሉት መርዛማ ጣቢያዎች ሲጠኑ ነገሩ የአንዲት አውራጃ ጉዳይ እንዳልነበረ ታወቀ። ማንም ሰው ተሰብስቦ «ጥቁሮች ላይ እንጣል» ብሎ መወሰን አላስፈለገውም።

የፍትሕን ጉዳይ ከፈላስፎች በፊት ቅርጫ ነው ያስተማረኝ። ቅርጫ የገባችሁ ታውቁታላችሁ። በሬው ተጥሎ ሲበለት መደቡ በቅጠል ላይ ይደረደራል። ሥጋው ብቻ አይደለም፤ ከጉበቱም፣ ከጨጓራውም፣ ከአጥንቱም ለየመደቡ ይዳረሳል። ከዚያ ዕጣ ይወጣል። አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ የክብሪት እንጨት ይሰጣል፤ የቱ የማን እንደሆነ ያላየ ልጅ ተጠርቶ በየመደቡ ላይ ያስቀምጣል። ቢላ የያዘው ሰው የትኛው መደብ እንደሚደርሰው ስለማያውቅ እጁ አያደላም፤ ቢያዳላ ማን እንደሚጠቀም አያውቅማ! ጆን ሮልስ የሚባለው የአሜሪካ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ዝነኛ መጽሐፍ ስለ ፍትሕ ያቀረበው ሐሳብ ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ የኅብረተሰቡን ደንብ የሚያወጣ ሰው ራሱ በየትኛው ቤት እንደሚወለድ ሳያውቅ ያውጣው ነው የሚለው። የሰፈራችን ሥጋ በላቾች ይህንን ሮልስን ሳያነቡ ሲሠሩት ኖረዋል።

ግን ቅርጫም ጉድ አለው። ፈርሱስ? ፈርሱን ማን ይሸከማል? ሥጋው በዕጣ ሲከፈል፣ ከጨጓራው የተዘረገፈው ፈርስ መደብ አይወጣለትም። ዘበኛው ይጠራል፤ ወይም አንድ የቀን ሠራተኛ። ጥቂት ብር ይሰጠውና «ራቅ አድርገህ ጣለው» ይባላል። ሰውዬው በሬው ላይ መደብ የለውም። ራቅ የተባለው ቦታ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቤቱ ያለበት ወንዝ ዳር ነው።

አዎ፣ መርዝ በዕጣ አይቀበርም። አሸዋማ መሬት ላይ፣ ወይም ውሃው ሁለት ሜትር ላይ ባለበት ረግረግ ዕጣ ወጣ ተብሎ ሳያናይድ አይጠራቀምም። የዝቃጭ ግድብም ከማዕድኑ ብዙ አይርቅም። መሐንዲሱ አስቀድሞ የማይሆነውን ሁሉ ይሰርዝ። ግን ከሰረዘ በኋላ አንድ ቦታ ብቻ ሲቀር አላየሁም፤ ሁለትም ሦስትም ይቀራል። የመሐንዲሱ ሥራ እዚያ ላይ አልቋል። ከዚያ ወዲያ ያለውን እሱ በቀመር ሲጨርሰው፣ ስለ ሰው የተወሰነውን ውሳኔ ስለ አፈር የተወሰነ አስመስሎ ነው የሚያቀርብልን። ቀሪው ጥያቄ ሥጋውን የበላው ማን ነው፣ ፈርሱስ ለማን ደረሰ የሚል ነው። የኩርሙክ ሰው ከወርቁ መደብ ካለው፣ ከዝቃጩም ድርሻውን አልወስድም አይልም ይሆናል። መደብ ሳይኖረው ፈርስ ሲሸከም ነው ነገር የሚመጣው።

«ካሣ ይከፈላቸዋል» ይባላል። እዚህ ላይ ከስዊስ የተገኘች አንዲት ነገር አለች፤ ሳስተምር በነበረ ጊዜ ብሰማት ኖሮ ለስንት ክፍለ ጊዜ መወያያ ትሆነኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 ቮልፈንሺሰን በምትባል የተራራ መንደር አካባቢ የኑክሌር ዝቃጭ ሊቀበር ታስቦ፣ ሁለት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ነዋሪዎቹን ጠየቁ፤ ይህ ነገር በእናንተ ዘንድ ቢቀበር ትስማማላችሁ ወይ? ከመቶው 51 ያህሉ እንስማማለን አሉ። ለአገር የሚያስፈልግ ነገር ነው፤ አንድ ቦታ መቀመጡ አይቀርም ብለው። ቀጥሎ፣ በየዓመቱ ገንዘብ ቢከፈላችሁስ ተባሉ። በሂሳብ ሊቃውንት ግምት የተስማሚው ቁጥር መጨመር ነበረበት። ወደ 25 ወረደ። ሰዎቹ ሸክሙን እንደ ዜጋ ሊሸከሙ ተዘጋጅተው ነበር። ገንዘቡ ሲመጣ ጥያቄው ተለወጠባቸው፤ «ለአገር ትሸከማላችሁ?» መሆኑ ቀርቶ «ስንት ትሸጣላችሁ?» ሆነ።

የስዊስ ገበሬ ጠግቦ ነው፣ የእኛ ሰው ገንዘቡን ይወስዳል ትሉኝ ይሆናል። ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ1988 ናይጄሪያ ውስጥ ኮኮ በምትባል የወደብ ከተማ አንድ ሰው ግቢውን በወር በመቶ ዶላር ገደማ አከራየ፤ ከኢጣሊያ በመርከብ የመጣ ሦስት ሺህ ቶን ያለፈ መርዝ በበርሜል ተደረደረበት። ሰውዬው ተስማምቷል፤ ፈርሟልም። ያንን ስምምነት የሚለው ጠበቃ ብቻ ነው። የአፍሪካ መንግሥታት በባማኮ ስምምነት ወደ አህጉራችን መርዛማ ቆሻሻ ማስገባትን የከለከሉት ከዚህ በኋላ ነው፤ ኢትዮጵያም ተቀብላዋለች። አውሮፓ በአፍሪካ ላይ ሲያደርገው ነውር ያልነውን፣ አዲስ አበባ በአሶሳ፣ አሶሳ ከተማ ደግሞ ከጎኗ ባለች ቀበሌ ላይ ሲያደርጉት ሌላ ስም ልንሰጠው አንችልም።

በዚህ ላይ ካሣ የሚባለው ብዙ ጊዜ ምንድን ነው? ክሊኒክ እንሠራላችኋለን፣ ውሃ እናስገባላችኋለን፣ መንገድ እንጠርግላችኋለን። ልብ በሉ፤ ክሊኒኩ፣ ውሃውና መንገዱ መርዝ የማይቀበለው ሰው እንዲሁ በዜግነቱ የሚያገኛቸው ናቸው። ለአንዱ መብት የሆነው ለሌላው የመርዝ ዋጋ ሆነ።

ሕጋችን እንግዲህ ክፉ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 92 ሕዝብ እሱን በቀጥታ የሚነኩ የአካባቢ ፖሊሲዎችና ፕሮግራሞች ሲታቀዱና ሲፈጸሙ ሐሳቡን የመግለጽ መብት አለው ይላል። በ1995 ዓ.ም. የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ወጥቷል፤ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ። ሐሳብን መግለጽ ግን ምን ማለት ነው? በእኛ አገር ልማድ ስብሰባ ይጠራል፤ ስሙም «የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ» ነው። ስሙን አጥኑት እስቲ። አንደኛው ወገን ግንዛቤ አለው፤ ሌላኛው እጁን ዘርግቶ ይጨብጣል። ነዋሪው «ይሁን» ካለ ሕዝቡ በሙሉ ድምፅ ተቀብሎታል ተብሎ ቃለ ጉባኤ ይጻፋል። «አይሁን» ካለ የግንዛቤ ችግር አለና ሁለተኛ መድረክ ይዘጋጃል፤ ውሎ አበሉም እንደገና ይቆረጣል። እምቢታ የሚመዘገብበት ዓምድ በቅጹ ላይ የለም። እምቢ ማለት የማይቻልበት ጥያቄ ደግሞ ጥያቄ አይደለም፤ ማስታወቂያ ነው።

በወረቀት ላይ ቦታ ያጣ እምቢታ መንገድ ላይ ይወጣል። ጉጂ፣ ሻኪሶ ላይ ያየነው ይኼው ነው። የለገደንቢ ወርቅ ማዕድን ፈቃድ በ2010 ዓ.ም. ሲታደስ፣ ለዓመታት «ልጆቻችን አካላቸው ተጎድቶ እየተወለዱ ነው፣ ከብቶቻችን እየሞቱ ነው» ሲል የኖረው ሕዝብ አደባባይ ወጣ፤ ሰው ሞተ፤ ፈቃዱም በወሩ ታገደ። በ2013 ዓ.ም. ሥራው እንደገና ተጀመረ። የሻኪሶ እናት ቅሬታዋን ለማሰማት መንገድ መዝጋት ካስፈለጋት፣ የኩርሙኳ ከእሷ በምን ትሻላለች? እሷ ዘንድ ደግሞ ስብሰባው የሚካሄድበት ቋንቋ ራሱ አንድ ወንዝ ነው። «ሳያናይድ» ለሚለው ቃል በርታኛ ምን እንደሚል አስተርጓሚው ካልተዘጋጀበት፣ መድረኩ ላይ «መድኃኒት» ተብሎ ያልፋል። በገጠራችን የተባይ መርዙም የወባውም ኪኒን አንድ ስም ነው ያላቸው፤ መድኃኒት።

የጊዜው ነገር ከሁሉ ይከብደኛል። የአንድ ወርቅ ማዕድን ዕድሜ ብዙ ጊዜ አሥር፣ አሥራ አምስት ዓመት ነው። ሳያናይዱ ለፀሐይና ለአየር ሲጋለጥ እየዋለ እያደረ ይፈራርሳል። ከዐለቱ ጋር ተፈጭተው የሚወጡት እንደ አርሴኒክ ያሉት ግን አይፈራርሱም። የኑክሌር ዝቃጭ እንኳ ዘመን ሲሄድ ኃይሉ ይቀንሳል፤ አርሴኒክ ከሺህ ዓመት በኋላም አርሴኒክ ነው። ኩባንያው ሄዶ፣ ባለሥልጣኑ ተሽሮ፣ የፈረሙት ሁሉ አልቀው፣ አንዲት ልጅ ፍየሎቿን ይዛ ያንን ሜዳ ታቋርጣለች። ሣር የበቀለበት ጠፍጣፋ ሜዳ ነው፤ የሚያምር። ማን ይነግራታል?

አሜሪካኖች ኒው ሜክሲኮ ውስጥ የኑክሌር ዝቃጭ ሲቀብሩ የቋንቋ ሊቃውንትና አንትሮፖሎጂስቶች ሰብስበው ነበር፤ ከአሥር ሺህ ዓመት በኋላ ለሚመጣ፣ የእኛን ቋንቋ ለማይችል ሰው «እዚህ አትቆፍር» ማለት እንዴት ይቻላል ብለው። እኛ ለዚህ ጥያቄ እንግዳ አይደለንም። የኢዛና ድንጋይ በሦስት ዓይነት ጽሕፈት ተቀርጾ ከአንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት በላይ ቆሟል፤ ዛሬ የሚያነበው ግን በጣት የሚቆጠር ምሁር ነው። የኩርሙክ ሰሌዳ ደግሞ በቆርቆሮ የሚሠራ ነው። በበርታኛ፣ በአረብኛና በአማርኛ ይጻፍ። ቆርቆሮ ይዝጋል፤ አለዚያም ለጣሪያ ይፈለጋል። በሃያ ዓመቱ ወድቆ ሲገኝ የሚያነሳው፣ ጽሑፉን የሚያድሰው፣ አጥሩን የሚጠግነው፣ ክረምት በገባ ቁጥር የግድቡን ስንጥቅ ወርዶ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል፤ እሱም ከዚያው ቀበሌ ይሆናል። የዚያን ሰው ደመወዝ ማን፣ ከየትኛው ሂሳብ፣ እስከ መቼ እንደሚከፍል ውሉ ላይ መግባት ያለበት ወርቁ ሳይወጣ ነው።